ጋሽ ማርቆስን ያሰርኩበት ቃል

ባለፈው መጋቢት አርባ ምንጭ ጠርተውኝ ሰው በሞላው አዳራሽ ዱንጉዛ አለበሱኝ። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለም ያለው የጋሞ ልብስ ነው፤ ሊያከብሩት የፈለጉት ሰው ትከሻ ላይ ይጥሉታል። መድረክ መሪው የሠራሁትን ሁሉ ዘረዘረ፤ ግማሹን አሳመረው፣ ግማሹን ከየት እንዳመጣው እንጃለት። እኔ ከነዱንጉዛዬ በላብ ተጠምቄ ተቀምጫለሁ። አርባ ምንጭ በመጋቢት ለክብር እንግዳ እንኳ አትራራም።

በጥያቄ ሰዓት አንዲት ወጣት ሐኪም ከኋላ ተነሣች። «ዶክተር፣ የጥናትዎ የመጀመሪያ ናሙና የተወሰደው ከአንድ የላንቴ ገበሬ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኚያ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ሆኑ?» አለችኝ።

«አርፈዋል» አልኩና ማይኩን ለሚቀጥለው ጠያቂ አሳለፍኩ። አንዲት ቃል! ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ነገር በአንዲት ቃል ሸፍኜ ላልፍ። ሆቴሌ እንደገባሁ ዱንጉዛውን ወንበር ላይ ጥዬ አለቀስኩ። እዚህ የምጽፈው ያቺ ልጅ የጠየቀችኝን ነው።

ያን ናሙና ስወስድ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ለሰፈራችን ሴቶች ይህ ዕድሜ ሦስት ልጅ ያሳደጉበት ነው፤ ለሳይንስ ሰው ግን ገና ልጅነት ነው። ዶክትሬቴን ጨርሼ ውጭ አገር በሚገኝ አንድ ላብራቶሪ ድኅረ ዶክትሬት የሚባለውን ሥራ ጀምሬ ነበር። ተማሪም አይደለሁ፣ አስተማሪም አይደለሁ፣ መሀል ላይ ነኝ። የምናጠናው የትልቁን አንጀት ካንሰር ነው። ነገሩን ለእናቴ እንዳስረዳኋት ላስረዳችሁ። ሰውነታችን የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ካንሰር ደግሞ እነዚህን ዘበኞች የሚያስተኛበት ዘዴ አለው። ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው ሕክምና ዘበኞቹን ይቀሰቅሳቸዋል፤ በአንዳንድ ካንሰሮች ላይ ጉድ የሚያሰኝ ሥራ ሠርቷል። የአንጀት ካንሰር ላይ ሲደርስ ግን፣ በአብዛኞቹ ሕሙማን ዘበኞቹ ቢነቁም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይቀራሉ፤ ዕጢው ውስጥ አይገቡም። እንዴት አድርገን እናስገባቸው? ጥያቄያችን ይኸው ነበር።

ለዚህ ሥራ በኦፕራሲዮን የወጣ፣ ገና ያልሞተ የዕጢ ቁራጭ ያስፈልጋል። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የአስተማሪ ልጅ ነኝና «የእኛ አገር ሰው ዕጢ ብዙም አልተጠናም፤ እኔ አመጣለሁ» ብዬ ለአለቃዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ፈቃዱ ሁሉ ተሟልቶ በኅዳር አርባ ምንጭ ገባሁ። የሚያስፈልገኝን ይዤ እስከ ጥር መጨረሻ መመለስ ነበረብኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕሙማን ፈርመው ካበቁ በኋላ፣ ኦፕራሲዮኑ አንድ ቀን ሲቀረው ሐሳባቸውን ቀየሩ። አንደኛዋ «የእኔ ሥጋ በአውሮፕላን አይሄድም» አለች፤ ሁለተኛው ምክንያቱንም አልነገረኝ። መብታቸው ነው። ቅጹ ላይ «በማንኛውም ጊዜ ማቆም ይችላሉ» የሚል መስመር አለ፤ እኔው ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩት። ግን ቀኔ እያለቀ ነው፤ አለቃዬም «ናሙናው የት ደረሰ?» እያለ ይጽፍልኛል። እውነቱን ልናገርና፣ የሕሙማን ክፍል ስገባ አልጋው ላይ የተኛውን ሰው ማየት ትቼ ናሙና ማየት ጀምሬ ነበር።

ሦስተኛው ጋሽ ማርቆስ ናቸው። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ መንደር ሙዝ አምራች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ረዘም ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ሰገራቸው ላይ ደም ማየት ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኪንታሮት ነው ብለው የሽፈራው ቅጠል እያስቀቀሉ ሲጠጡበት ከርመዋል። ባለቤታቸው እትዬ አማረች መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ ይሸጣሉ፤ እሳቸው ናቸው ባላቸውን በግድ ጎትተው ሆስፒታል ያመጧቸው። ዕጢው ገና አንጀቱን አልፎ አልሄደም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ይድኑ ይሆናል የሚባል ሰው ነበሩ።

ስለ ጥናቱ ስነግራቸው ጋሽ ማርቆስ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «እሺ ማለትስ እሺ እላለሁ። ግን ነገ ሆዴ ቢፈራስ?» አሉኝ። እንዲህ በቅንነት የሚናገር ሰው ነበር ያጋጠመኝ! እኔ ግን ከዚህ ቅን ንግግር የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኼኛውም ሊያመልጠኝ ነው።

ላንቴ ውስጥ አቶ ኦይቻ የሚባሉ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ እሑድ ቸርች፣ ቅዳሜ ዱቡሻ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሜዳ ነው፤ የተጣላ የሚታረቀው፣ የተካካደ የሚተማመነው እዚያ ነው። እዚያ ቆሞ የሚዋሽ የለም፤ እዚያ የሰጠውን ቃል የሚያጥፍም የለም። በአማርኛ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ ጋሞ ግን ይህን ተረት አድርጎ አልተወውም። ቃሉን ያጠፈ ሰው ጎሜ ሠራ ይባላል፤ ጎሜ ደግሞ በሠራው ሰው ብቻ አይቆምም፣ በልጆቹ፣ በከብቱ፣ በማሳው ይመጣል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ጋሽ ማርቆስ ቃላቸውን ዱቡሻ ላይ ይስጡኝ» አልኳቸው አቶ ኦይቻን።

«የሕክምናን ነገር ዱቡሻ ምን ያመጣዋል? ወረቀት አለሽ አይደል?»

«ወረቀትማ ይቀደዳል።»

ሳቁ። «የአባትሽ ልጅ! እሺ፣ ቅዳሜ ነዪ» አሉኝ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ወደ ሲቀላ እስክመለስ ባጃጁ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከአሥር የማይበልጡ ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ሴት እዚያ ቆማ መናገሯ እምብዛም አልተለመደም፤ «ዶክተር» ስለሆንኩ ዝም አሉኝ። ጋሽ ማርቆስ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቆሙ። «የታመመ ሥጋዬን ለዚህች ልጅ ሰጥቻለሁ። እሷ ጨርሻለሁ እስክትል ድረስ ከእጇ አልወጣም» አሉ።

በዚያች ደቂቃ ምን ማለት እንደነበረብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። «የለም ጋሽ ማርቆስ፤ እኔ የምወስደው ቁራጩን ነው፣ እርስዎን አይደለም። የእኔ ጥናት እርስዎን አያክምም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሕክምናዎን መቀጠል አለብዎት፤ ሲፈልጉም ተዪኝ ይበሉኝ» ማለት ነበረብኝ። ሁሉም ቅጹ ላይ ተጽፏል፤ ቅጹም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግን ይህን ብናገር ያሰርኩትን መልሼ መፍታቴ ነው። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም አሜን አልኩ።

ኦፕራሲዮኑ ሰመረ። ቀዶ ሐኪሙ ባቄላ የሚያክል ቁራጭ ሰጠኝ፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ አድርጌ በበረዶ ሣጥን ይዤው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስከንፍ፣ «ቁስላቸው ሲሽር ለኬሞ አዲስ አበባ እልካቸዋለሁ። ቶሎ መጀመር አለባቸው፤ ከዘገየ የቀረ ዘር ካለ ይሰራጫል» አለኝ። «በጣም ጥሩ» አልኩት። መንገዱ ዳር የተቆረጠ ሙዝ ተከምሯል፤ አይሱዙዎች ይጭናሉ፤ እኔ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ የማስበው የበረራ ሰዓቴን ብቻ ነው።

ቁራጩ አልሞተም። ላብራቶሪ ደርሶ ትንንሽ ሳህኖች ውስጥ አደገ፤ ቀለብ እየሰጠሁ፣ ሙቀቱን እየጠበቅሁ እንደ ጨቅላ ተንከባከብኩት። እንደጠረጠርነው ዘበኞቹ የማይገቡበት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንድ ሙከራ ከሸፈ፣ ሌላው ከሸፈ፣ ሦስተኛው ከሸፈ። ሰኔ ላይ ሁለት መድኃኒት አቀናጅተን ሰጠነውና በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሳይ ዘበኞቹ ገብተዋል! ዕጢውን ከውስጥ እየበሉት ነው። ጮኼ አጠገቤ ያለችውን ልጅ አቀፍኳት። በሕይወቴ እንዲያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሐምሌ ላይ ላንቴ ደወልኩ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ትንሽ ሆዴን ይነፋኛል። እየጠበቅኩ ነው።»

«ጎሽ፣ ይጠብቁ! ደስ የሚል ነገር ይዤ ለመስቀል እመጣለሁ» አልኩና ዘጋሁት። ኬሞውን ጀምረዋል ብዬ ነው። ጀመሩ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ሦስት ደቂቃ አላወራሁም፤ ሳህኖቹ ይጠብቁኝ ነበር።

የመስቀል ሰሞን ላንቴ ደረስኩ። ዝናቡ ጥሎ ስላለፈ ምድሩ አረንጓዴ ነው፤ በየደጁ ለቅርጫ የሚታረድ በሬ ታስሯል፤ ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ አባቱ ቤት እየገባ ነው። በጋሞ መስቀል ሲመጣ የራቀ ይመለሳል፣ የተጣላ ይታረቃል። እኔ በኮምፒውተሬ የዕጢውን ፎቶ ይዤ፣ እንደ ሙሽራ ዘመድ እየፈነደቅሁ ግቢያቸው ገባሁ።

ጋሽ ማርቆስ ማንጎው ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ወርዷል፤ ሆዳቸው ብቻ ተነፍቶ ወጥቷል። ቀና ሲሉ ዓይናቸውን አየሁት። ቢጫ ነው። ካንሰሩ ጉበታቸው ውስጥ እንደገባ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ኬሞው ምን ሆነ? የት ደረሱ?» አልኳቸው።

«የምን ኬሞ?»

እትዬ አማረች ከቤት መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ወጡ። ከመካከሉ የሆስፒታሉን የሪፈር ወረቀት አወጡና ሰጡኝ፤ ከየካቲት ጀምሮ ከታጠፈበት አልተነሣም። «ሐኪሙ ሂድ አለው። እኔም ለመንኩት፣ ልጆቹም እግሩ ላይ ወደቁ። ቃል አለብኝ አለ» አሉኝ።

«ሥጋዬ አንቺ እጅ ነው» አሉኝ ጋሽ ማርቆስ፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ ረጋ ብለው። «ጨርሻለሁ ሳትዪኝ ሌላ ሐኪም እጅ ብገባ ቃሌን አጠፋሁ። በልጆቼ ይመጣል። ስልክ ስትደውዪ ልቀቂኝ ልልሽ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ጠብቅ አልሽኝ።»

እና እኔ ምን አደረግሁ? ተቆጣኋቸው! «እንዴት እንዲህ ያስባሉ! ማን እንዲህ አለዎት? እኔ ሕክምናዎትን ይተዉ ብያለሁ?» እያልኩ የታመመ ሰው ላይ ጮኽኩ። ሰው ሲያፍር እንደዚህ ነው፤ ጥፋቱን የሚጥልበት ሰው ይፈልጋል። ጋሽ ማርቆስ ጩኸቴን አስጨረሱኝ።

«መድኃኒቱስ ወጣ?» አሉኝ ከዚያ።

«ሠርቷል። ሳህን ውስጥ ሠርቷል።»

«ሳህን ውስጥ» አሉ። «ለእኔስ?»

«ለእርስዎ አይደርስም፣ ጋሽ ማርቆስ። ለሰው እስኪሰጥ ገና ብዙ ዓመት አለው። መጀመሪያም ለእርስዎ አልነበረም።» ስምንት ወር ሙሉ መናገር የነበረብኝ ይህችን ነው፤ ስትወጣ ትንፋሽም አልፈጀችም።

 እትዬ አማረች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ሙዙ አዞሩ። አማርኛችን ርኅራኄንም ሐዘንንም አንጀት ውስጥ ያኖራል፤ አንጀቴ ተቃጠለ እንላለን፣ አንጀቴን በላኝ እንላለን። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ አንጀት ያጠናሁ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ፣ እዚያ ማንጎ ሥር ነው።

«እንግዲያው ፍቺኝ» አሉኝ ጋሽ ማርቆስ በመጨረሻ።

በማግስቱ ሁለት ሰው ደግፏቸው ዱቡሻ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ያው ናቸው፣ ዛፉም ያው ነው። እርጥብ ሣር በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክሁ። «ጨርሻለሁ። ጋሽ ማርቆስ፣ ሥጋዎ የእርስዎ ነው» አልኩ። እዚያ ማቆም እችል ነበር። ግን ዱቡሻ ላይ ነኝና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሁለት ሰዎች እንዳመለጡኝ፣ እሳቸውም እንዳያመልጡኝ ፈርቼ በቃል እንዳሰርኳቸው፣ እንደማላክማቸው እያወቅሁ አሜን እንዳልኩ፣ ስደውልም እንዳልጠየቅሁ። አቶ ኦይቻ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሽማግሌ ጭንቅላቱን ይዞ በጋሞኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

ጋሽ ማርቆስ ግን፣ «እኔም አፍ ነበረኝ። ልጠይቅ እችል ነበር፣ አልጠየቅሁም። ጥፋቱን እንካፈል» አሉ። እንካፈል! ሞቱን ለብቻቸው ይዘው ጥፋቱን ሊያካፍሉኝ።

ሣሩን ተቀባብለን ታረቅን። አቶ ኦይቻ ቆመው የመጨረሻውን ቃል ተናገሩ፦ «ከዛሬ በኋላ ይህን ነገር ያነሣ፣ የታረቀውን የቆፈረ፣ ጎሜው በራሱ ላይ ይሁን።» ሁሉም አሜን አሉ፤ እኔም አሜን አልኩ።

በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። የካንሰር ሐኪሙ የጉበታቸውን ምስል ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ ቆየና ወደ ውጭ ጠራኝ። «ይህ ጉበት ኬሞ አይችልም፤ ብንሰጣቸው እናፈጥናቸዋለን። በየካቲት መጥተው ቢሆን ኖሮ...» አለና ፊቴን አይቶ ተወው። ጋሽ ማርቆስ የተባለውን ስነግራቸው ወደ ቤቴ ውሰጂኝ ብቻ ነው ያሉኝ። ስንመለስ መኪናው ከምዕራብ ዓባያ በኋላ ወደ ላንቴ ሲቃረብ መስኮቱን አስከፍተው የሙዙን ማሳ ሲያዩ ነበር። ኅዳር ሳይጋመስ አረፉ።

ለቅሶው ላይ የቸርቹ መዘምራን ድንኳን ውስጥ ይዘምራሉ። እትዬ አማረች አጠገብ ተቀመጥኩ። ሴቲቱ ብትረግመኝ፣ ብትጮኽብኝ፣ ፊቴን ብትቧጭረው ብዬ ተመኘሁ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ...» ብዬ ገና ስጀምር መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑት። መዳፋቸው ሻካራ ነበር፤ አጥብቀው ነው የያዙኝ።

«ተዪ። ታርቀናል» አሉኝ። ከዚያ ኩርኩፋ አስቀረቡልኝ፤ በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ እንክብል ነው። «ብዪ» አሉኝ። እያዩኝ በላሁ።

ያ ጥናት ታተመ። ስሜ ከፊት ተጻፈ፤ ሥራ አገኘሁበት፣ መድረክ አገኘሁበት። የዚያች ባቄላ የምታክል ቁራጭ ዘሮች ዛሬም በበረዶ ተቀምጠው ሌሎች ተመራማሪዎች ይሠሩባቸዋል፤ ምናልባት አንድ ቀን የአንድን ሰው ዕድሜ ያረዝሙ ይሆናል። እኔ ለተማሪዎቼ የስምምነት ቅጽ ሳስተምር፣ ሕመምተኛው ምን እንደገባው በራሱ አፍ መልሶ እስኪነግራችሁ ድረስ አታስፈርሙ እላለሁ። ከየት እንደተማርኩት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ላንቴ ባለፍኩ ቁጥር እቆማለሁ። እትዬ አማረች አርጅተዋል፤ አሁንም ማንጎና ፓፓያ ይሸጣሉ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሙዙ በሽታ እናወራለን። እስከ ዛሬ ከዚያ መንደር አንድ ሰው ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ አይናገሩኝምም፤ ታርቀናልና። ወቀሳ ቢመጣ እከራከር ነበር፣ ወጣት ነበርኩ፣ አላሰብኩም እል ነበር። የሚከራከረኝ ስለጠፋ ግን ነገሩ እንዳለ ከእኔ ጋር ይኖራል። አንድ ሰው ቃሉን አክብሮ ስምንት ወር ጠበቀኝ፤ እኔ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁትም።

ይህን ጽፌ የታረቀውን ቆፍሬአለሁ። አቶ ኦይቻ እንዳሉት ከሆነ ጎሜው ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ላይ ነው። ተንበርክኬ አሜን ብዬበታለሁና፣ ይምጣ።